እርከኑ እንዳይበላኝ

እኔ ሮንዳ፣ ካንሳስ ውስጥ በስቱኪ የትራክተር መደብር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ወዲህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እንኳ አውሎ ነፋስ ይታየኛል። ስለዚህ አለቃዬ ዊልመር ስቱኪ በጥር ወር «የመለዋወጫ ክፍሉ ኃላፊ ሁኚ፤ ደመወዝሽም ይጨመራል» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የታየኝ ጭማሪው ሳይሆን ይዞት የሚመጣው መዓት ነበር።

«ጭማሪው ወደ ላይኛው የግብር እርከን ቢገፋኝስ?» አልኩት።

በእኛ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም፦ መስመሩን በአንድ ዶላር ካለፍክ መንግሥት ደመወዝህን በሙሉ በላይኛው መጠን ይገሸልጠዋል፤ እቤትህ የምትገባው ከበፊቱ ያነሰ ይዘህ ነው። የጎረቤቴ ባል ትርፍ ሰዓት ሠርቶ እንዲህ ተበላ ይባላል።

ዊልመር ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና፣ «ብልህ ሴት ነሽ። እንግዲያው ይቅርብሽ» አለኝ። ሥራው ግን አልቀረልኝም። የክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ፤ በድሮው ደመወዝ።

እሱ ራሱ ከግብር ጋር ከተቆራረጠ ቆይቷል። ክፍለ ግዛታችን በግል ማኅበር የሚነግዱ ሰዎችን ትርፍ ከገቢ ግብር ነፃ ያወጣ ሰሞን ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ዊልመርም በአንድ ሌሊት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆነው አደሩ። የዊልመር ኃላፊነት ድሮም የተወሰነ ነበር፤ አሁን በሕግ ጸና። እኔና መካኒኩ ቨርን ግን ሰው ሆነን ስለቀረን መክፈላችንን ቀጠልን።

ከዚያ ግብሩ ሲጎድል የትምህርት ቤቱ በጀት አለቀ። ከጊዜው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሊዘጋ ነው ተባለ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ኬይሊ ብቻዋን እቤት ስትውል፣ ምድጃ ስትለኩስ፣ ጉድጓድ ስትገባ ታየኝ። ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ የለም፤ እኔ ግን አየሁት።

እኛ አገር ለጎደለው ሁሉ መድኃኒቱ የፓይ ጨረታ ነው፤ ፍራፍሬ የተሞላ ኬክ ጋግረን እናጫርታለን። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ፓይ፣ ለታመመ ጎረቤት ፓይ፣ አሁን ደግሞ ለሁለት ሳምንት ትምህርት ፓይ። በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ቺሊያችንን፣ ያን የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ ከቀረፋ ዳቦ ጋር እየበላን ሳለ ጠርዙ ያረረው የእኔ የቼሪ ፓይ ለጨረታ ወጣ።

«አራት መቶ!» ብሎ ጮኸ ዊልመር።

ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት እንባዋን ጠረገች።

ቨርን አፉን ቺሊ እንደሞላው፣ «ዊልመር፣ አምና ለክፍለ ግዛቱ ስንት ከፈልክ?» አለው።

«ድንቡሎ አልከፈልኩም!» አለ ዊልመር ደረቱን ነፍቶ። «የምትነጨኝ ዋሽንግተን ብቻ ናት፤ በፌዴራሉ ግብር።»

«ታዲያ የላይኛው እርከን እንዳይበላህ ለምን ትንሽ ትንሽ አትሸጥም? እንደ ሮንዳ አስብ እንጂ!»

ዊልመርን ጭብጨባው ሞቅ አድርጎት ነበር። «አንተ ደንቆሮ፣ ከፍ ብሎ የከሰረ የት አየህ? ትልቁ መጠን የሚነካው ከመስመሩ በላይ ያለችውን ብቻ ነው! የታችኛው እንደነበረ ነው! ይህን የማያውቅ...»

ዓይኑ ከዓይኔ ገጠመ።

«ይጨርሷት እንጂ፣ ጋሽ ዊልመር» አልኩ። ስባረር፣ ቤቴ ሲወሰድ፣ እኔና ኬይሊ መኪና ውስጥ ስናድር፣ ሁሉንም በዚያች ቅጽበት አየሁ። ድምፄ ግን ቀድሞኝ ወጥቷል። «በጥር ብልህ ሴት ነሽ ብለውኝ ነበር። ቁልፉን ያዝኩ፤ ጭማሪውን ተውኩ።»

ዊልመር ፓይዋን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ቆሟል።

«ነገ ቢሮ እንነጋገራለን፣ ሮንዳ።»

«ነገ ሕዝብ የለም» አለ ቨርን። «ዛሬ ተናገር፣ ለጋሱ!»

የጨረታው መሪ ከልማዱ ይሁን ከተንኮሉ ማይክሮፎኑን አነሣና፣ «ጭማሪው፣ አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ሲል ሰው በሳቅ ፈነዳ።

«ይሰጥሻል!» አለ ዊልመር፣ ጆሮው ቀልቶ።

«ከጥር ጀምሮ» አልኩ።

«ከጥር» አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው።

የደመወዝ ቀን መኪናዬን ከውስጥ ቆልፌ ፖስታውን ከፈትኩ። መስመሩን አልፌያለሁ፤ የላይኛው እርከን የነካው ጫፉን ብቻ ነው። ጨምሯል! ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ተሳስተው ይሆናል ብዬ።

ፓዮቹ ሁሉ ተደምረው ትምህርት ቤቱን ሦስት ቀን አቆዩት። ለቀሩት ቀናት ሞግዚት ቀጠርኩ፤ ከጥር ወዲህ የተጠራቀመው ጭማሪ እዚያ ላይ ሄደ። ጎበዝ ናት ይሏታል። ቢሆንም በየሰዓቱ እደውላለሁ።

«ደህና ነኝ እኮ፣ እማዬ!» ትለኛለች ኬይሊ።

«እስካሁን» እላታለሁ።