የሰጋቱራው ሽታ

ኡዘይር ውሸታም ሰው አልነበረም፤ ቡራዩ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን ያሠራ ሁሉ ይመሰክርለታል። ግን አንዳንዴ አንዲት ቃል ከአፍ ታመልጥና የሰው ስም ይዛ ትሄዳለች፤ ምን ይደረግ!

ነገሩ የመጣው ከሰጋቱራው ነው። የእንጨት ሥራ ቤቱ ሰጋቱራ ተከምሮ መጣያ ሲያጣ፣ ለምድጃ የሚሆን ኢታኖል የተባለ የሚነድ አልኮል ይወጣዋል ሲባል ስልጠና ላይ ሰማ። በቃ፣ ልቡ ተነሳ። ሰጋቱራውን በአሲድ ውሃ ቀቅሎ፣ የአሲዱን ኃይል በኖራ ሰብሮ፣ እርሾ ጨምሮ ጓሮ በርሜል ውስጥ ጠነሰሰው። የነገረው ለሚስቱ ለራቢአ ብቻ ነው። ግቢው የአባቷ የሐጂ ሱሩር ነዋ! እሳቸው ፊት አልኮል የሚለውን ቃል ማን ደፍሮ ያነሳል?

በርሜሉ ፈላ፤ ግቢው አረቄ አረቄ ሸተተ። አንድ ቀን ሐጂ ከአስር ሶላት ሲመለሱ በሩ ላይ ቆም አሉና ምንድነው የሚሸተው አሉ። ኡዘይር ደነገጠ፤ አፉ ቀደመው።

"ከቦሰና ቤት ይሆናል።"

ቦሰና የጓሮዋን ክፍል የተከራየች ድንች ቸርቻሪ ናት። ድሮ አረቄ ታወጣ ነበር፤ ሐጂ ያስገቧት ሁለተኛ አይለምደኝም ብላ ነው። ኡዘይር ይህን ሲል ቧንቧው ጋ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ሰምታለች። ሰጋቱራውን ሲቀቅልም በዓይኗ አይታዋለች። ኡዘይርን አየት አደረገችው፤ ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ሐጂን ይቅርታ ጠየቀች። ሐጂ አልተቆጡም፤ አምኜሽ ነበር ብለው ሌላ ቤት እንድትፈልግ ነገሯት።

ፍራሿን ፒካፕ ላይ ሲጭንላት ኡዘይር አላስቻለውም። ለምን ዝም አልሽ አላት።

"እኔ ቤት እቀይራለሁ። አንተ አማት ከየት ትቀይራለህ?" አለችው።

እፍረት ፊቱን አቃጠለው። አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ አለ፤ አልሄደም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን እያደር ከበደው። ራቢአ እንኳ ምግብ አቅርባለት ፊቷን ታዞራለች።

በመጨረሻ ኢታኖሉ ተጣርቶ ወጣ። ኡዘይር እንደምንም ደፍሮ ምድጃውን ሐጂ ፊት ለኮሰው። የሰጋቱራውን ነገር አንድ በአንድ ተረከላቸው፤ የቦሰናን ግን ዋጠው። ሐጂ እሳቱን አይተው ሳቁ። ይሄ እኮ ማገዶ ነው፣ ማን ሊጠጣው፣ ምን አስደበቀህ አሉት። እስቲ በርሜሉን ልየው ብለው ጓሮ ዘለቁ፤ ክዳኑን ከፈት ሲያደርጉ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

"ያን ቀን የሸተተኝ ይሄ ነው?"

ኡዘይር መሬት መሬት እያየ አዎ አለ።

ሐጂ አልተሳደቡም። ቢሰድቡት በስንት ጣዕሙ! ከዘራቸውን አነሱ።

"ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ተነስ፣ ቤቷ ውሰደኝ።"

ኡዘይር እስከ ግቢው በር መራቸውና ቆመ። ሰበታ ትግባ ሱሉልታ አያውቅም። ፍራሿን በገመድ ሲያስር፣ ጆንያዋን ሲያቀብላት፣ ወዴት ነሽ ብሎ እንኳ አልጠየቃትም ነበር።