ከፍ ያለው ቁጥር

ሰፈሩ «ዶክተሬ» የሚለኝ ለፌዝ ነው። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ አባቴ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስተክል፣ ጉልበቴ ላይ መዝገበ ቃላት ዘርግቼ ስላዩኝ። ይሳቁ። ከሳቂዎቹ አንድ ገጽ አንብቦ የጨረሰ የለም።

አባቴን ወገቡን ሲያመው፣ የስፌት መኪናው ላይ እያጎነበሰ ስለሚውል ነው አልን። አንድ ቀን ራሱን በሜትር ለካና «አራት ሴንቲ አጥሬያለሁ፤ ማነው ዘምዝሞ ያሳጠረኝ?» ብሎ ሳቀ። ሐኪም ቤት ግን የመቅኒ ካንሰር ነው አሉት፤ ማዬሎማ። አጥንቱን ከውስጥ እየበላው ነው። ደም ወሰዱና፣ ውጤቱን ይዞ በሳምንቱ ተመልሶ ሕክምና እንዲጀምር ነገሩት።

ውጤቱን ከላብራቶሪ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በባዕድ ቋንቋ የተሞላ አንድ ገጽ። መሃል ላይ አንድ ፕሮቲን አለ፤ በትይዩው «ከፍተኛ» ይላል። ስልኬን አወጣሁና ፈለግሁት። ፕሮቲኑ ከበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ጋር የተያያዘ ነው ይላል። እዚያው አቆምኩ። ከሥሩ ገና ብዙ መስመር ነበር።

«አባዬ፣ መከላከያህ ከፍተኛ ነው!»

እዚያው ስፌት ቤት አብሮን የሚሠራው ልብስ ተኳሽ ቀና አለ። «ዶክተሬ፣ ይህን ያለው ሐኪሙ ነው ወይስ አንቺ?»

«ሐኪም የጻፈውን ለማንበብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ይልቅ አንተ ካውያህን ያዝ፤ የሰው ሱሪ እየጠበስክ ነው።»

አባቴ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለእሱ ቁጥር ከፍ ካለ ደግ ነው። «የተረፈ ጨርቅ ይቆረጣል፤ ያነሰ ግን ከየት ይመጣል?» ይላል ሁልጊዜ።

«እንግዲያማ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ልጨርስና እሄዳለሁ» አለ።

አልከለከልኩትም። እንዲያውም ጨርቁን አብሬው ቆረጥኩ። ሦስት ወር ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት እግሮቹ አልታዘዝ አሉት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፣ ቀኑን አየች፣ እሱን አየችው።

«አባባ፣ ይህ ውጤት ሦስት ወር ሙሉ እጅዎ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«ይህ ፕሮቲን በደም ውስጥ ሲበዛ በሽታው በርትቷል ማለት እኮ ነው! ያኔውኑ መጀመር ነበረብን። አሁን ኩላሊትዎም...» ተወችው። «ለመሆኑ ደህና ነው ያለዎት ማነው?»

ሰፈሩን ሁሉ በምላሴ የምልጠው እኔ፣ የአባቴን ኮት ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ።

«እኔው ነኝ» አለ አባቴ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አይደል የሚባለው? ቁጥሩ ከፍ ሲል ጊዜ፣ ለኮት የሚተርፍ መሰለኝ።»

ተቆጣችው። እንደ ልጅ ተቆጣችው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ወለሉን አየሁ።

ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ነገረችኝ፦ ሕክምናው ቢጀመርም፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት።

ተኳሹ ሆስፒታል ሊጠይቀው መጣ። የተተኮሰ ፒጃማ ራስጌው አስቀመጠ። ስወጣ ስገባ አንድ ጊዜ እንኳ «ዶክተሬ» አላለኝም። ምነው ባለኝ።

እሱ እንደወጣ አባቴ ወደኔ ዞረ።

«ያቺ ወረቀት አለች?»

«አለች።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«አሁን እንኳ በትክክል አነብልሃለሁ።»

«አይ። እንደ መጀመሪያው።»

«አባዬ፣ ያኔ እኮ ተሳስቼ ነው። እኔ ነኝ የ...»

«ስፌት ሲበላሽ ይተረተራል፤ ይሄ አይተረተርም። አንብቢው በቃ፣ ልጄ።»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። መስመሩን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ጣቴ ያውቀዋል።

«መከላከያህ ከፍተኛ ነው» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። 

«ያን ቀን እኮ ድምፅሽ እንዲህ አልነበረም» አለ። «ድገሚው እስቲ።»

ደገምኩት።