ከፀደይ መደርደሪያ የተወሰደው ዘይት

ሸዋነሽ በፎገራ ሜዳ ዳር ባለችው መንደሯ የሴቶችን ወገብ በማሸት የታወቀች ነበረች። ክረምት ገብቶ የሩዝ አረም ሲጀመር፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ አጎንብሰው የዋሉ ሴቶች ሲመሻሽ ወደ እሷ ደጅ ይመጣሉ። በለጋ ቅቤ ታሻቸዋለች፤ ወገባቸውን ይዘው ገብተው ቀና ብለው ይወጣሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ የተጋራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ታናሽ እህቷ ፀደይ ከባሕር ዳር ተመለሰች።

ፀደይ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ማሳጅ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ሥልጠናም ወስዳለች። ወረታ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች። ነጭ መጋረጃ ሰቀለች፣ ከፍ ያለ አልጋ አሠራች፣ መደርደሪያው ላይ ትናንሽ ጥቁር ጠርሙሶች ደረደረች። ከጠርሙሶቹ ሁሉ ሰው የሚያወራለት አንዱ ነበር፤ ኮከብ ከሚመስል የሩቅ አገር ቅመም የሚወጣ፣ ሽታው እንስላል እንስላል የሚል ዘይት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ስታር አኒስ ነው፤ የወረታ ሴቶች ግን የኮከቡ ዘይት አሉት።

መጀመሪያ የሄዱት የከተማው ሴቶች ነበሩ። ሸዋነሽ ችላ አለችው። ቀጥሎ የመንደሯ ሴቶች በባጃጅ ወረታ መመላለስ ጀመሩ። ይህ አንጀቷን አሳረረው፤ ቢሆንም ለማንም አልተናገረችም። ፈጽሞ ያልቻለችው ነገር የመጣው በነሐሴ ነው። እናታቸው እማማ እናኑም ሄዱ።

እማማ እናኑ ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይዛቸው የምትወርደው፣ ከውኃው ሲወጡ በጋቢ ጠቅልላ የምታሻቸው ሸዋነሽ ነበረች። አሁን ግን ከወረታ ተመልሰው መደቡ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡና፣

"ያቺ ልጅ እጇ የተባረከ ነው። ገና ስትነካኝ ሕመሙ ይለቀኛል" አሉ።

ሸዋነሽ ላሞቹን ላስር ብላ ወጣች። ላሞቹ ታስረው ነበር። ቆማ ስታያቸው ቆየች።

ከዚያ ወዲህ እህቷ የምትሠራውን በዓይኗ ካላየች እረፍት አጣች። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ጎራ ትልና ጥግ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ፀደይ መምጣቷን እንደ ፍቅር ቆጥራው ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ መባ የምትባል ጎረቤታቸው መጣች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ወገቤን በኮከቡ ዘይት እሺልኝ አለቻት። ፀደይ እምቢ አለች። ይህ ዘይት ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ ሴትና ለሕፃን እንደማይሆን ነገረቻት። ለሌላውም ሰው ቢሆን ብቻውን ቆዳ እንደማይነካ፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ሦስት ጠብታ ብቻ እንደምትጨምር፣ አስቀድማም ክንድ ላይ በትንሹ ሞክራ እስከ ማግሥቱ እንደምትጠብቅ፣ በአፍ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይወሰድ አስረዳቻት። ከዚያ ትከሻዋንና እግሯን በባዶ የሰሊጥ ዘይት ቀስ አድርጋ አሸቻት። መባ ደስ ብሏት ሄደች።

ሸዋነሽ ግን ከዚህ ሁሉ በልቧ ያስቀረችው እምቢታውን ነው። ሦስት ጠብታ ማለቷም ስስት መሰላት። እናቴን ከእጄ የነጠቀኝ ይህ ዘይት ነው፣ እኔም ቢኖረኝ ማን ይበልጠኝ ነበር ብላ አሰበች። ፀደይ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ተነሥታ ጠርሙሱን አነሣችና በመቀነቷ ሸጎጠችው።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እናቷን ዛሬ የማሽሽ እኔ ነኝ አለቻቸው። ዘይቱን ምንም ሳትቀላቅል መዳፏ ላይ አፈሰሰችና ጉልበታቸውን ማሸት ያዘች። እማማ እናኑ መጀመሪያ ሽታውን ወደዱት። ትንሽ ቆይተው አቃጠለኝ አሉ። ሸዋነሽ ማቃጠሉ መሥራቱ ነው ብላ ጨመረችበት፤ የእሷም መዳፍ ይለበልባት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጉልበታቸው ቀልቶ ውኃ ቋጥሮ ተገኘ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ባለሙያው ቁስሉን አጥቦ ቅባት ካደረገላቸው በኋላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ። እማማ እናኑ ዓምና እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ስለነበር ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። ይህን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ። እንዲህ ያለ ዘይት ከዚያ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ደም ሊያፈስስ እንደሚችል ነግሯቸው ለደም ምርመራ ላካቸው። ምርመራው ደኅና ሆነ።

ወረፋ ላይ የነበረች ሴት ማን አሽቷቸው እንደሆነ ስትጠይቃቸው እማማ እናኑ "ልጄ ናት" ብቻ አሉ። ዘይት ያላት ልጅ የትኛዋ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ሳምንት ሳይሞላ ፀደይ እናቷን አቃጠለች የሚለው ወሬ ከወረታ አልፎ መንደር ለመንደር ዞረ። መባ ሸዋነሽ ቤት መጥታ እንኳንም እኔን አልነካችኝ አለች። ሸዋነሽ ዝም አለች። ዝምታ ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች።

ሴቶቹ ወደ እሷ ደጅ ተመለሱ። ሸዋነሽ ደስ አላት። ወረታ ስትወጣ በፀደይ በር በኩል እያለፈች መጋረጃው እንደተዘጋ ማየት ደስ ይላት ነበር፤ ሦስተኛ ጊዜ ስታልፍ ግን ፀደይን ደጃፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየቻትና መንገድ ቀየረች።

በመስከረም አጋማሽ ፀደይ ራሷ መንደር መጣች። የእናቷን ጉልበት አይታ ሸዋነሽ ወዳለችበት ጓሮ ወጣች።

"እታለም፣ ጠርሙሱን ስጪኝ" አለቻት።

ሸዋነሽ ልትክድ ነበር፤ አፏ የተናገረው ግን ሌላ ሆነ። "ለእማዬ አንቺ እየቀባሽ፣ እኔ ብቀባት ምንድን ነው ነውሩ?"

ፀደይ ግራ ገብቷት አየቻት። "እኔ? ይህን ዘይት እማዬን አንድ ቀን እንኳ ቀብቻት አላውቅም። ያን መድኃኒት እየወሰደች አይሆንላትም። እኔ የማሻት በሰሊጥ ዘይት ነው፤ በባዶው።"

ሸዋነሽ ጠርሙሱን አምጥታ ሰጠቻት። ፀደይ ጠርሙሱን ይዛ በሩዙ ማሳ ድንበር ላይ እየረገጠች ወደ መኪና መንገዱ ሄደች።

ሸዋነሽን ከዘይቱ ይልቅ ያ ቃል አቃጠላት። ዘይት ማንም ሊይዘው ይችላል። እናቷን የሳባቸው የእህቷ እጅ ከሆነ ግን ምንም የምትነጥቃት ነገር የለም። ገብታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ከነሐሴ ጀምሮ ሲከነክናት የነበረውን ጠየቀች።

"እጄ ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለው" አሉ እማማ እናኑ። "አንቺ ግን የት እንደሚያመኝ አትጠይቂኝም። አውቀዋለሁ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። እሷ ትጠይቀኛለች።" ከዚያም ጨመሩበት። "ማን እንዳሸኝ ስምሽን ያልጠራሁት እንድትናገሪው ብዬ ነው። እስካሁን ጠበቅሁሽ።"

በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ነበር። ቄስ ወልደ ሥላሴ ጸሎት አድርሰው ከተቀመጡ በኋላ ሸዋነሽ ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

"የእናቴን ጉልበት ያቃጠልሁ እኔ ነኝ። ዘይቱንም ከፀደይ ቤት ሰርቄ ነው የወሰድሁት። ፀደይ ምንም አላጠፋችም።"

ቄስ ወልደ ሥላሴ ለእኛ ያልሽውን ለእሷም ሄደሽ በይ ብለው አዘዟት። ከዚያ ቀን ወዲያ ደጇን ያልረገጡ ሴቶች አሉ። መባ ከነሱ አንዷ ናት።

ወረታ ስትሄድ ፀደይ አልተቆጣችም፤ አላቀፈቻትምም። ይቅርታዋን ሰማች። ከዚያ ሥራውን መማር ከፈለገች ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት እንደምትችል፣ እስክትፈቅድላት ድረስ ግን አንድም ጠርሙስ እንዳትነካ ነገረቻት። ሸዋነሽ ኩራቷን ውጣ እሺ አለች።

ሩዙ ሲታጨድ የእማማ እናኑ ጉልበት ድኖ ጠባሳ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሸዋነሽ ጠብታ መቁጠር ተማረች፤ ዘይቱ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ እንደሚቀመጥ፣ የቆየውም ቆዳ እንደሚያሳክክ አወቀች። ሴቶች ሲገቡ ታናሽየዋ ታሽኝ ሲሉ ግን አሁንም ይከፋት ነበር። አንድ ቅዳሜ ፎጣ እያጠፉ ሳለ ይህንኑ ሳትሸሽግ ለፀደይ ነገረቻት። "እቀናብሻለሁ፤ እስካሁን አልተወኝም" አለቻት።

ፀደይ ፎጣውን እንደያዘች ቆመች።

"ስድስት ዓመት ባሕር ዳር የሰው ገላ ሳሽ፣ አንቺ ከእማዬ ጋር ነበርሽ" አለች። "ታማለች ሲሉኝ አንቺ አጠገቧ ነሽ። በዓል ሲመጣ አንቺ አጠገቧ ነሽ። ሆቴሉ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ያን ጊዜ የቀናሁብሽን ቅናት ብታውቂው ኖሮ ትሸሺኝ ነበር።"

ሸዋነሽ ይህን አስባው አታውቅም። ውጭ ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ስለነበረች ሄዳ መጋረጃውን ከፈተችና ግቢ አለቻት።