ቁራው ያልነካው ሩዝ

ቁራው አጥሩ ላይ ተቀምጦ ሩዙን ያያል እንጂ አይወርድም።

«ባባ፣ ሐውልትህን ሆስፒታሉ በር ላይ አቆምልሃለሁ» አለ ኒናድ፣ ጠዋት የተላጨ ራሱን ወደ ወንዙ ዝቅ አድርጎ። ቁራው ላባውን በመንቆሩ ማበጠር ጀመረ። ኒናድ የቀዶ ሕክምና ክፍሉንም በአባቱ ስም እንደሚያስጠራው ጨመረ። አጎቶቹ እናቱን እስከ ዕለተ ሞቷ እንደሚጦሯት ቃል ገቡ። ቁራው ፍንክች አላለም።

ዶክተር ዋማን ፓትኪ ከሞተ ዐሥረኛ ቀኑ ነው። በዚህ ቀን ፑኔ ከተማ ውስጥ የተድቦለቦለ ሩዝ ወንዝ ዳር ለሟች ይቀመጣል። ቁራ ከቀመሰው ሟች ረክቶ ሄዷል፤ ካልቀመሰው ግን አንድ የቀረው ነገር አለና ቤተሰቡ እየገመተ ቃል ሲገባ ይውላል።

የሟች ሴት ልጅ ቪዱላ ከሁሉም ኋላ ቆማለች። ንዴቷ ዐሥር ቀን ሙሉ አልበረደላትም። በሐዘኑ ቀናት የቤቱ ምድጃ ስለማይነድ ጎረቤት እያፈላ የሚያመጣውን ሻይ በወተት እየጠጣ፣ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ልብ ነው። በከተማው የሰው ልብ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ዘመን፣ ፓትኪ ከወተት ፋብሪካ በለመነው ቱቦ ራሱ ደም የሚያዘዋውር ማሽን ገጣጥሞ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ልብ አቁሞ፣ ሰፍቶ፣ መልሶ እንዲመታ አደረገው። እውነት ነው። ቪዱላም አትክደውም። እሷን የሚያንገበግባት መጨረሻው ነው።

ቋጠሮ ያስተማራት እሱ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የእናቷን የስፌት ክር ወንበር ጀርባ ላይ አስሮ፣ «አንዱ እንዲይዝ፣ ሁለተኛው እንዳይላላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ማታ እንቅልፍ እንዲወስድሽ» ይላት ነበር። አድጋ እንደሱ የልብ ሐኪም ሆነች፣ ከጎኑም ቆመች። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለማንም አልተናገረም፤ ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። አንድም ቃል ሳይለዋወጡ መርፌውን ያቀብላት ጀመር። እሷ ትሰፋለች፣ ትቋጥራለች፣ የክሩን ጫፎች ቀጥ አድርጋ ትይዝለታለች፤ እሱ በመቀስ ይቆርጣል። በማግስቱ ጋዜጣው የፓትኪን ወርቅ እጆች ያወድሳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲሄድ ቅር አላላትም።

አንድ ሰኞ ግን ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች በመስታወቱ በኩል ያዩት ነበርና መርፌውን አላቀበላትም። «ባባ፣ ስጠኝ» አለችው በሹክሹክታ። አልሰጣትም፤ ራሱ ሰፋ፣ ስፌቱም ላላ። ሱማን የምትባል መምህርት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደሟ ፈስሶ አለቀ። ሪፖርቱ ላይ ስፌቱን የሠራችው ዶክተር ቪዱላ ናት ተብሎ ተጻፈ። የፈረመው አባቷ ነው። ቪዱላ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳትገባ ከታገደች ይኸው ዓመት ሞላት፤ የእገዳውን ደብዳቤ የሰጣትም የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ዳዳ የምትለው ታላቅ ወንድሟ ኒናድ ነው።

ፀሐዩ እየከረረ ሄደ። ሰዉ እርስ በርሱ መንሾካሾክ ሲጀምር ኒናድ ወደ እሷ መጣ።

«ቪዱ፣ የቀረው ነገር አንቺ ነሽ። ያንን የሱማንን ፋይል አላስከፍትም በዪውና ይብላ።»

«አስከፍታለሁ።»

«አባትሽ ተርቦ ይሂድ ነው የምትዪው?»

«ዳዳ፣ የሱማን ልጆች የእናታችን ገዳይ ይሉኛል። እሱ እውነቱን ያውቅ ነበር። እያወቀ ፈረመ። አንተም ታውቃለህ።»

ኒናድ አንገቱን ደፋ። አንዲት አክስት ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት አለች። ቪዱላ ሰዉን አልፋ ወደ ሩዙ ሄደች። ሁሉም አሁን ቃል ልትገባለት ነው ብሎ ጠበቀ።

«ባባ፣ እውነቱን እናገራለሁ» አለች ቁራውን ሽቅብ እያየች። «ከፈለግህ ብላ፣ ካልፈለግህ ተወው።»

ቁራው ተነሥቶ ወደ ወንዙ ማዶ በረረ።

ሥርዓቱን የሚመሩት ካህን ሰዓታቸውን አዩ። ሌላ ቤተሰብ ተራ እየጠበቀ ነው። ቁራ እምቢ ሲል ያለው መላ ከሳር ቁራ ሠርቶ ሩዙን ማስነካት ነው፤ ሳሩን አጥፈው አንገቱን በክር ሊያስሩ ሞከሩ። ሳሩ ተበተነባቸው። ሰብስበው እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ተበተነ። ያረጁ እጆቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ይስጡኝ» አለች ቪዱላ።

ካህኑ ሰጧት።

ክሩን የሳሩ አንገት ላይ አዞረች። አንድ ቋጠረች፣ ሁለት ቋጠረች። ሦስተኛውን ስታጠብቅ ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ንዴቷ ግን እዚያው ነበር። ከዚያም የክሩን ሁለት ጫፎች ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ያዘችና፣ አባቷ እንዲቆርጥላት ጠበቀች።