ከአልቃሻዋ ድንጋይ በላይ

ተራራው ላይ አንድ ድንጋይ አለ። «የአልቃሻዋ ድንጋይ» ይሉታል። ተጓዦች እዚያ ሲደርሱ ተራ በተራ ይቀመጡበትና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ የሚያለቅሱ መስለው ፎቶ ይነሣሉ። አልቃሻዋ እኔ ነኝ።

ስሙን ያወጣለት ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ የመንገድ መሪዎች አለቃ ነው፤ እኔ ደግሞ ተራራው ወገብ ላይ ባለው የማረፊያ ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። ተጓዦቹ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፣ አበላቸዋለሁ፣ ያድራሉ፣ ጎህ ሲቀድ እሱ ይዟቸው ይወጣል። ተራራው ድሮ እሳት የተፋ ነው። አሁን እሳቱ በወጣበት አፍ ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል። ሐይቆቹ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ካንዱ በላይ። ታችኛው ከኩሽናዬ መስኮት ይታያል። መካከለኛው መንገድ ላይ ነው። ላይኛውን የሚፈልግ ግን ኮርቻውን መሻገር አለበት። ኮርቻው የምንለው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ነፋስ የማያጣው ጎድጓዳ ነው፤ ድንጋዩም ያለው እዚያው ነው።

እራት ላይ፣ ሾርባው ሲቀርብ ወንድሜ ይነሣና ታሪኩን ያወራል።

«ራሱን ያመመው፣ ሆዱን ያጥወለወለው ሰው ሳያፍር ይናገር» ብሎ ይጀምራል። «ይኸው የኔ እህት፣ አሁን ሾርባ ያቀረበችላችሁ፣ በወጣትነቷ አብራኝ ወጥታ ኮርቻው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ተሸክሜ ነው ያወረድኳት። ከዚያ ወዲህ ከኩሽና ወጥታ አታውቅም።»

ይስቃሉ። አንዳንዷ ደግ ሴት ሳህን ልትመልስ ስትመጣ ክንዴን ዳበስ አድርጋ «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው አይችልም» ትለኛለች። አንዱማ ለከፍታ ሕመም የሚዋጥ ክኒን ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ የምወጣው ከምድጃው እስከ ውሃ በርሜሉ ነው፤ ለሱ ነው ክኒን?

እውነቱ እንዲህ ነው። ማልቀሴን አልክድም፣ አልቅሻለሁ። ያለቀስኩት ግን ወንድሜ የሚሞትብኝ መስሎኝ ነው። ሥራ የጀመረ ሰሞን መንገዱን ሊለማመድ ሲወጣ ዕቃ እንድይዝለት ብሎ ይዞኝ ሄደ። ኮርቻው ላይ ስንደርስ ራሱን ያዘ። ቀጥሎ አስመለሰው። ቀጥሎ መቀባዠር መጣ፤ የሌለች ፍየል እያየ «መልሺያት፣ ገደል ልትገባ ነው!» ይለኛል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። እኔ እያለቀስኩ ክንዱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ አንዳንዴ እየደገፍኩ አንዳንዴ እየጎተትኩ አወረድኩት። ይህ ሕመም ሲወርዱ ይለቃል። ታች ስንደርስ ምንም እንዳልነካው ሰው ቀና አለ። ጓደኞቹ ከበው «ምነው ቶሎ ተመለሳችሁ?» ሲሉት ወደኔ እያየ «አለቀሰችብኝ፣ ምን ላድርግ» አለ።

እናታችን ያኔ ነበረች። ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ታሞ ተመለሰ ከተባለ ማን ያሠራዋል? አንቺ ምን ይቀርብሻል? ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

እሺ አልኩ። እውነትም ዝንብ አልገባም። የገባው ድንጋይ ነው።

እሷ አረፈች፣ እሱ አለቃ ሆነ፣ ታሪኩም ከዓመት ዓመት እየሰባ ሄደ። መጀመሪያ «ተመለስን» ነበር። ቆየት ብሎ «ደግፌ አወረድኳት» ሆነ። አሁን «ተሸክሜ» ላይ ደርሷል፤ ዕድሜ ከሰጠን ክንፍ አውጥቶ ያበረኛል። ልውጣ ብዬ ስጠይቀው «ኩሽናውን ለማን ጥለሽ?» አለ። ደግሜ ስጠይቀው «ድንጋዩ ናፈቀሽ እንዴ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም። መለመን አልወድም፤ የአባቴ ልጅ ነኝ። እሱም የአባቱ ልጅ ነውና ይኸው ተፋጠን ቀረን።

እንግዲህ ዘንድሮ ልጄ ረዳት መንገድ መሪ ሆነች። እግሯ ቀጭን ነው፣ ሳንባዋ ግን ወናፍ ነው። አንድ ማታ ወንድሜ እንደልማዱ ታሪኩን ሲያወራ እሷም ገበታው ላይ ነበረች። ሁሉም ሲስቁ ልጄም ሳቀች።

ኩሽና ስትገባ ጠበቅኳት።

«ምን ያስቅሻል?»

«እማዬ ደግሞ! ቀልድ ነው እኮ። ጋሼ ሰው ዘና እንዲል ብሎ ነው።»

«አንቺስ? እውነት ይመስልሻል?»

ሳህኑን አንሥታ ማድረቅ ጀመረች። «እኔ እንጃ። አንድም ቀን አልሆነም ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም።»

ከሳቋ ይልቅ ይህቺ ቃል ወጋችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ በዚያ ኩሽና ስንት ንጋት አየሁ! ንጋቱስ መቼም ቀርቶ አያውቅም፤ እውነቱ ግን እንደ ጭቃ ውሃ እንደደፈረሰ ነው። ተቀምጦ መጠበቅ በቃኝ። ላይኛው ሐይቅ ወጥቼ በልጄ ፊት እቆማለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያወራ ያውራ አልኩ።

ቀጥሎ የመጡት የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው አንድ ግዙፍ ሹፌር አለ፤ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ድምፁ ቤቱን የሚሞላ።

«እናቴ፣ ይህ ሾርባ ዳገት ያስወጣል?»

«ሾርባውስ ያስወጣል፤ ቦርጩ ነው የሚያወርደው።»

ጓደኞቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ወንድሜ ታሪኩን ሲጨርስ ሹፌሩ ተነሥቶ ቆመ። «እኔ ዳገት ላይ ወደኋላ ማርሽ አስገብቼ አላውቅም! እዚያ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ካያችሁኝ እዚያው ቅበሩኝ!» አለ። ተጨበጨበለት።

ጎህ ሲቀድ ሾርባው ተሠርቶ አልቋል፣ ድንቹ ተቀቅሏል፣ ዳቦው ተሸፍኗል። ሽርጤን ፈትቼ ሰቀልኩና የሟች ባለቤቴን ቆዳ ጫማ በድርብ ካልሲ አጥልቄ ሰልፉ ኋላ ቆምኩ።

«ወዴት ነው?» አለ ወንድሜ።

«ወደ ላይ።»

«ኩሽናውስ?»

«ኩሽና እግር የለውም ጋሼ፣ የትም አይሄድብህም።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋ! ኮርቻው ላይ ብትቀመጪ የሚያወርድሽ የለም» አለኝ።

«ድሮስ ማን አወረደኝና?»

ዓይኔን አየኝ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ጀመረ።

መንገዱ ጥቁር የአሸዋ አመድ ነው። አንድ ስትራመድ ግማሹን መልሶ ይወስድብሃል። መካከለኛው ሐይቅ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች፤ ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ዝም ያለ፣ ዳሩ ላይ አንዲት ወፍ የለችም። ከዚያ ወዲያ የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ መጣ፤ ድኝ ነው አሉ። ትንፋሼ አጠረ። ልጄ ከኋላዬ ሆና «እማዬ፣ ይቅርብሽ እንዴ?» ስትለኝ «አፍሽን ቆጥቢው፣ ላይ ያስፈልግሻል» አልኳት። ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። የሚቀድሙኝ ይቅደሙኝ፣ ዳገቱ የትም አያመልጥም።

ሹፌሩ መጀመሪያ ከፊት ነበር። በኋላ መካከል ሆነ። በኋላ አጠገቤ አገኘሁት። ጨዋታውን ትቷል።

«ሹፌር፣ ነዳጅ አለቀ?» አልኩት።

«ሞተሩ እስኪሞቅ ነው እናቴ» አለ፤ ግን አላየኝም። ፊቱ የረገጥነውን አመድ መስሏል።

ኮርቻው ላይ ነፋሱ ያንገላታል። ከነፋሱ የሚያስጠልል ያ ድንጋይ ብቻ ነው። የድርጅቱ ሰዎች ተራ ይዘው ይቀመጡበትና እያለቀሱ ፎቶ ይነሣሉ። ሹፌሩ ግን ዱላውን ተደግፎ ነፋሱ መሃል ቆሞ ቀረ። ዞር ብሎ አስመለሰ። አፉን ጠርጎ ሊራመድ ሲል እግሩ እንደ ሰካራም ተጠላለፈ።

እኛ ዘንድ ደንብ አለ፤ ወንድሜ ራሱ ያወጣው ነው። ሰው ከታመመ የሚያወርደው አለቃው ነው፣ ረዳቷ የቀሩትን ይዛ ትቀጥላለች። ለምን ያን ደንብ እንዳወጣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

«ሹፌር፣ ራስህን ያምሃል?» አለው ወንድሜ።

«በፍጹም!»

«ና፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥ። ትንሽ አርፈህ እንወርዳለን።»

«አልቀመጥም! አልወርድም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ምግብ አብሳይዋ ነኝ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ታሪክ እኔን ብቻ አይደለም ያሳፈረው። ስንቱ ራሱ እየተፈነከተ እኔን ላለመምሰል ጥርሱን ነክሶ ወጥቶ ይሆን?

ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ላይ ዞረና «እንግዲያውስ አንቺ አውርጂው። መውረድ ታውቂበታለሽ» አለኝ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

እውነቱን ለመናገር እግሬ ሊታዘዝ ፈልጎ ነበር። ሰውየው በዓይኔ ፊት እየጠፋ ነው። ግን ደግሞ እኔ ብይዘው አይሰማኝም፤ አልቃሻዋ ናት የያዘችው፣ እንዴት ይሰማል? ስለዚህ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

«ስማኝ ልጄ። እዚህ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም። እሱ ነው።» በጣቴ አለቃውን አሳየሁት። «ልክ እንዳንተ ራሱን ያዘው፣ ልክ እንዳንተ አስመለሰው። አልወርድም አለ። የሌለች ፍየል መልሺልኝ ይለኝ ነበር። እየጎተትኩ አወረድኩት። ያለቀስኩት ለሱ ነው። ወርዶ ዳነ፣ ይኸው ዛሬ የሁሉ አለቃ ነው።»

ሹፌሩ በፈዘዘ ዓይን ወንድሜን ፈለገው።

«አለቃ… እውነት ነው?»

ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። ልጄ እሱን ታያለች።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ሰውየው ሊሞት ነው። እውነት ከሆነ እውነት ነው በል። ውሸት ከሆነም ውሸታም በለኝ። ግን አሁን በል።»

ድንጋዩን አየው። ከዚያ ጎሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«ፍየሏ ነጭ ነበረች።»

ማንም አልሳቀም።

«እውነት ነው» አለ። «እሷ ናት ያወረደችኝ። ባልወርድ ኖሮ እዚሁ ቀርቼ ነበር። ተቀመጥ አሁን፣ ወንድሜ።»

ሹፌሩ ተቀመጠ። እንደ ጆንያ ነው ዘጭ ያለው። ውሃ አጠጣነው፣ ጃኬት ደረብንበት። ወንድሜ በአንድ ብብቱ ገብቶ ሲያነሣው ከበደውና ወደኔ ቀና አለ።

«ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

እጄ ተዘረጋ። መለስኩት።

«የሚያወርደው አለቃው ነው፤ ደንቡ ያንተ ነው» አልኩ። «ጓደኞቹ ጎረምሶች ናቸው፣ ሁለቱ ያግዙህ። እኔ ገና አልደረስኩም።»

ሁለቱ ጎረምሶች ገብተው ያዙለትና አራቱም ቀስ እያሉ ወረዱ። ሹፌሩ ማታ ሾርባውን ደግሞ ጠጥቷል፣ ምንም አልሆነም። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ ስለ ጨው ካልሆነ አያናግረኝም። ይሁን። ሾርባዬ ጨው አንሶት አያውቅም።

እኛ ቀጠልን። ልጄ ከፊት ሆነች፣ እኔ ከኋላዋ። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብላ «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል።

«አሁን ነገርኩሽ። ትንፋሼን አታስጨርሺኝ፣ ምሪ።»

መጨረሻው ቁልቁለት የለው፣ ሜዳ የለው፣ ግድግዳ ነው። አንድ ቦታ በእጄም በጉልበቴም ሄጃለሁ፤ ያየ ይይ። ከዚያ መሬቱ ድንገት አለቀና ታች ሐይቁ ታየ።

ትንሽ ናት። ነጣ ያለች ሰማያዊ፣ ወተት የገባባት ውሃ የመሰለች፤ በአንድ ጥጓ ጭስ ይወጣታል። ሽታዋ የተበላሸ እንቁላል ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት የተነፈግኳት ይህቺ ናት አልኩ። ከዚህች የሚበልጥ ጌጥ አይቼ አላውቅም ብዬ አልዋሽም። ግን ዓይኔን ከሷ ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

ከድርጅቱ ሰዎች አንዷ ስልኳን ይዛ መጣች። ትናንት ማታ ሳህን ስትመልስ «አይዞሽ» ያለችኝ ናት። «እናቴ፣ ፎቶ ላንሣሽ? እንዴት ሆነሽ ትነሺያለሽ?» አለች።

«እንዲሁ ቆሜ» አልኩ።

አነሣችኝ። ልጄ መጥታ ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ቆመች፣ ሁለተኛውን አብረን ተነሣን።

ወዲያው ከታች ጉም መነሣት ጀመረ። ሰዎቹ ጓዛቸውን አንጠለጠሉ። ልጄ አሁን መሪ ናትና ድምፅዋን አጠንክራ «እንውረድ፣ ጉሙ ሳይዘጋብን!» አለች። ሁሉም ተነሡ።

«እማዬ፣ አንቺም!»

«እነሱን ቀድመሽ አሰልፊ» አልኳት። «የኔ ተራ መጨረሻ ነው።»

አልተከራከረችኝም፤ ሰዎቹን ታሰልፍ ጀመር። የመጨረሻው ሰው ጀርባውን እስኪሰጠኝ፣ ጉሙም የውሃውን ዳር እስኪነካ እዚያው ቆምኩ። ከዚያ ዞርኩና ወደ ልጄ ወረድኩ።