የምንጣፉ ዘርፍ

ዘሀራ ለመዋሸት አልተስማማችም፤ ዝም ለማለት ግን ተስማምታለች። አሁን ሲያትል አጠገብ፣ ቤልቪው፣ የአብርሃም አዲስ ቤት ሳሎን ውስጥ ቆማ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ዘሀራና ባሏ ኑሪ ሲያትል ውስጥ ምንጣፍ ይሸጣሉ። ዕቃቸው የህንድ ነው። ንድፉ የጥንት የፋርስ ነው፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ አበባ፣ ዙሪያውን ሐረግ የሚጠማዘዝበት፤ እጁ ግን የህንድ። የማሽን ሥራ አይደለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ክሩን አንድ በአንድ የቋጠረው ነው። ዘሀራ ይህን ለደንበኛ የምትናገረው ደረቷን ነፍታ ነው። ምን ያሳፍራታል?

አብርሃምን ግን አሳፈረው። የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፣ የተማረ፣ ደህና ቦታ የደረሰ። ትልቁን ቀይ ምንጣፍ ገዝቶ ካበቃ በኋላ ጀርባውን ገልብጦ መለያውን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ።

«ዘሀራዬ፣ መቀስ አለሽ?»

ሰጠችው። «ሜድ ኢን ኢንዲያ» የምትለዋን ጨርቅ ቀጭ አድርጎ ቆርጦ ኪሱ ከተታት።

«ቤት ምርቃቱ ላይ ሰው ከጠየቀሽ ፐርሺያን ነው በይ፣ ኦኬ?»

«የህንድ ነው ብዬ እየሸጥኩልህ?»

«ሶ? ማን ያውቃል?»

ኑሪ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። የቤልቪውና የሬድመንድ ሰው ሁሉ እዚያ ይመጣል፣ ደንበኛ የሚገኘው እንዲህ ነው፣ ነገር አታብዢ አላት በስልጥኛ። እሷም፣ «እኔ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም» ብላ ቃሏን ሰጠች።

ይኸውና ምርቃቱ ደረሰ፤ ቤቱ ባገር ልጅ ጢም ብሏል። አብርሃም ብርጭቆውን ይዞ እንግዶቹን ያስጎበኛል።

«ይሄ አንቲክ ነው። ፐርሺያን፣ ከኢስፋሃን የመጣ። መቶ ዓመት አልፎታል።»

መቶ ዓመት! አይ አብርሃም! ተሸጦ ከሱቅ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው እኮ፤ መቼ አረጀ? አዶኒያስ የሚባል የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳ ጀመር። ዘሀራ ከንፈሯን ነከሰች። ኑሪ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ይሄኛው ጫፍ ደግሞ እንዴት ያምራል!» አለ አዶኒያስ። «ልክ እንደ ነጠላ!»

አብርሃም ዞሮ አየ። በመስኮቱ በኩል፣ የምንጣፉ ነጭ ዘርፍ ሁለት ሁለት እየሆነ ተገምዶ፣ ጫፍ ጫፉ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። ከዘርፉ አጠገብ በርጩማ ላይ እማማ የውብዳር ተቀምጠዋል። የአብርሃም እናት ናቸው፤ ካገር ቤት ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነው። ልጃቸው ሥራ ይውላል፣ ቴሌቪዥኑ እንግሊዝኛ ነው፣ እጃቸው ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም።

«እማዬ! ምንድነው ያደረግሽው?»

«ቋጨሁት» አሉ ፈገግ ብለው። «ዘርፉ እንዲሁ ተበትኖ አየሁት። ሠሪዎቹ ሳይጨርሱት የሸጡልህ መሰለኝ። ያልተቋጨ ነጠላ ተለብሶ እንግዳ ፊት ይወጣል እንዴ? እንዳያሳፍርህ ብዬ እኮ ነው፣ አብርሽዬ።»

«ሩይን አደረግሽው! ሙዚየም የሚገባ ዕቃ! እዚህ የገጠር ሥራሽን ማን ጠየቀሽ? ፍቺው!»

«እሺ ልጄ፣ እንግዳው ይሸኝና…»

«አሁን ፍቺው!»

እማማ የውብዳር ከበርጩማው ወርደው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ቋጠሮው ጠብቋል፣ ዓይናቸውም አያይላቸውም። በጥፍራቸው ይቆነጥሩታል፣ አይፈታም፤ እንደገና ይቆነጥሩታል። ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ሳህኑን ያያል። ኧረ አንድ ሰው እንኳ! አንድ ሰው እንኳ «ተው እንጂ፣ እናትህ እኮ ናቸው» አይልም? ምን ዓይነት ጉድ ነው!

ዘሀራን እሳት ለበለባት። የሷም ዝምታ ነው አሮጊቷን ያንበረከካቸው። ኑሪ እጅጌዋን ያዝ አድርጎ «በአላህ፣ ዘሀራ» አላት። እጅጌዋን መንጭቃ ሄደች።

«እማማ፣ ይተዉት። አይፍቱ።»

«ዘሀራ፣ ፕሊስ፣ አንቺን አይመለከትሽም» አለ አብርሃም።

«እንዴት አይመለከተኝ? ከኔ ሱቅ የወጣ ነው! የምን መቶ ዓመት? የምን ኢስፋሃን? አምና ህንድ አገር የተሠራ ነው። ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው በጣታቸው የቋጠሩት! መለያውን በኔው መቀስ ቆርጠህ ኪስህ አልከተትክም? የነሱ እጅ አሳፈረህ፣ ደበቅከው። አሁን ደግሞ የናትህ እጅ አሳፈረህ? ቆይ፣ አንተን ያሳደገህ የማን እጅ ነው?»

አዶኒያስ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። አብርሃም ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

እማማ የውብዳር እንደተንበረከኩ ቀና አሉ። ያዩት ግን ዘሀራን ነው።

«ሴቶች ናቸው የሠሩት፣ ልጄ?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ጫፉን ለምን ተዉት?»

«ልማዳቸው ነው፣ እንዲህ ለቀቅ አድርገው ይተዉታል። ዘርፉ የተለጠፈ አይደለም፣ ድሩ ራሱ ነው። እርስዎ አላበላሹትም።»

«አላበላሸሁትም?»

«ምንም አልሆነም!»

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና አሁን ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«ለውሸት ነው እንዴ ያንበረከክኸኝ?»

አብርሃም ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «እማዬ…» ብሎ እጁን ሊሰጣቸው ጎንበስ አለ። አልተቀበሉትም። ሊፈቱት ሲታገሉ የቆዩትን ቋጠሮ በጣታቸው ዳበስ አድርገው አስተካከሉት።

«ነይ ልጄ» አሏት ዘሀራን፣ ከምንጣፉ ማዶ እያመለከቱ። «ያኛው ጫፍ አልተቋጨም።»

ዘሀራ ያን ሁሉ እንግዳ አቋርጣ ሄደችና ማዶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።