የጡት ልጅ

ያን ማር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱንም ከማንም ጋር አልካፈልም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ታየች ባሏን ቀብራ፣ የአራት ዓመት ልጇን ባንቺአየሁን አዝላ ከመካነ ብርሃን ጎንደር ስትገባ፣ እኔ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የማጥብና የማሽግ ድሬሰር ነበርሁ። ልጅቱን ከሞት አፍ ያወጣት ዮአኪም የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ሚስቱ ሔልጋ ልጅ አልነበራትም፤ ሦስት ወር ሙሉ ከልጅቱ አልጋ አልራቀችም። በመጨረሻ «ለእኛ ትስጠን፣ እናሳድጋት» ብለው፣ አብሬያቸው ስሠራ ቋንቋቸውን ለምጄ ነበርና፣ አስተርጓሚ አደረጉኝ።

ታየች ሌሎች ሁለት ልጆች እናቷ ዘንድ ትታለች፤ የምታቀምሳቸው የላትም። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ጠዋት መጣችና «እሽ። ግን እታለም፣ ፈረንጇ እንደ ወጋችን አጥብታ ትውሰዳት» አለችኝ።

በአገራችን ባዳን ልጅ ማድረግ የፈለገ ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል። የጡት ልጅ ታዲያ ወላጁን አይተውም፤ ቤቱ ሁለት ይሆናል፣ ለዓመት በዓል እየመጣ ይጠይቃል። ማሩን ቁስቋም ካለችው ወዳጄ ለመንሁ። ሔልጋ ጣቷን ነከረች፣ ባንቺአየሁ ጠባች፣ ታየች እልል አለች። ቀጥሎ ከአገራቸው የጉዲፈቻ ወረቀት መጣ። ልጅቱ ከወላጅ እናቷ ጋር ያላት ዝምድና ፈጽሞ ይቋረጣል ይላል። እኔ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ለታየች «ያው ስለ ማሩ ነው» አልኋት። ልጅቱ እንድትኖር ፈልጌ ነው። ታየችም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። እነሔልጋም ልጅቱን ይዘው አገራቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ፣ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አውጥታ፣ እስከ ደባርቅ በእግሯ፣ ከዚያ በማኪና እየመጣች ቤቴ ታርፋለች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «መጣች?» ትላለች። «ዘንድሮ መንገዱ አልተመቻቸውም» እላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔማ ነፋስ ሊወስደው ደርሶ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ከሔልጋ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ባንቺአየሁ ‹ፊቴ የማን ነው?› እያለች ትጠይቀናለች። በከተማችን እሷን የሚመስል ሰው የለም። መልስ አጣን፤ ለመስቀል ይዘናት እንመጣለን» ይላል።

ታየችም እንደሚመጡ ልኬባት፣ ያን ዓመት ለልጇ ፀጉር ብላ ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ ወረደች። ሹሩባ ልትሠራት ነው። እኔ ቤት ተገናኙ። ልጅቱ ቀይ ካፖርት ለብሳ ከሔልጋ ቀሚስ ጀርባ ተሸጉጣለች፤ ፀጉሯ ከሥሩ ተላጭቷል።

«ምነው!» ብላ ጮኸች ታየች። «ለማን ሞት ነው የላጯት? እኔ እናቷ አለሁ!»

ስተረጉምላት የሔልጋ ፊት ቀላ። «እንዲህ ያለ ፀጉር የሚሠራልን ሰው አጣን» አለች። «ማበጠሪያው ሲጎትታት ታለቅሳለች፤ እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ። ሌላ ዘዴ አላወቅሁም።»

ታየች ቅሉን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። «ባንቺአየሁ። ነይ የኔ ሸጋ።»

ልጅቱ ሸሸት ብላ ሔልጋን በጀርመንኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ሔልጋ አንገቷን ደፋች።

«ምን አለች?» አለችኝ ታየች።

ልዋሽ አፌን ከፈትሁ፤ አልሆነልኝም። «‹ይህች ሴት ማን ናት?› ነው ያለችው» አልኋት። ጀምሬ ማቆም አቃተኝ፤ ወረቀቱ ዝምድናቸውን እንደቆረጠ፣ እኔም እያወቅሁ እንደደበቅኋት ሁሉንም ነገርኋት። ብትረግመኝ በወደድሁ። ታየች ግን ጣቷን ገልብጣ፣ ቀለሙ ዛሬም ያለ ይመስል፣ አየችው።

«ማር አለሽ?» አለችኝ።

«አለኝ።»

«እንግዲያ ልጅቱ የእሷ ናት፣ ባዳዋ እኔ ነኝ። እንደ ባዳ ወጌን ላድርስ። እኔም ላጥባትና የጡት ልጄ ትሁን። ትፈቅድ እንደሁ እናቷን ጠይቂልኝ።»

ተረጎምሁላት። ሔልጋ ተንበርክካ የልጅቱን ትከሻ ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ታየች አቀረበቻት።

ታየች አውራ ጣቷን ነክራ ዘረጋች። ልጅቱ ማሩን ትታ ቀና ብላ የታየችን ፊት አየች። ግንባሯን አየች፣ አፍንጫዋን አየች፤ በእጇ የራሷን ግንባር፣ የራሷን አፍንጫ ዳሰሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠባች።

ማሩ አለቀ። ልጅቱ ግን ጣቷን አልለቀቀችም።